መኖሪያ ያልሆነ

በቀደም ዕለት ሬዲዮ ከፍቼ ቁርሴን ስበላ አንድ ባለሙያ ቀርቦ "መኖሪያ ያልሆኑ ግንባታዎች በከተማችን አመርቂ እድገት አሳይተዋል" ሲል ሬዲዮኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁበት። ልጄ ደንግጣ "አባዬ፣ ምን ሆንክ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ለእሷ ተራ የዜና ቃል ነው። እኔ ግን ያንን ቃል በገዛ እጄ፣ በጥቁር ቀለም፣ የአንዲት እናት አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ። እስከ ዛሬ ስሰማው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ለመንግሥት ሕንፃ በሚነድፍ አንድ መሥሪያ ቤት ድራፍትስማን ሆኜ እሠራ ነበር፤ መሐንዲሱ በእርሳስ የሞነጫጨረውን እኔ በማስመሪያና በቀለም ብዕር አጥርቼ አወጣዋለሁ። መሥሪያ ቤታችን ሕንፃ ይነድፋል እንጂ የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። የምንሠራው ቦሌ ነበር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ወደ ሃያ ሁለት በሚያወጣው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ባለ አንድ የተወረሰ ቪላ ውስጥ።

ሳሎኑ ውስጥ አምስት ድራፍትስማኖች ክርን ለክርን እየተጋጨን እንሠራለን። ኃላፊያችን ትልቁን መኝታ ቤት ይዞታል። አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን ዛሬም ምላሴ እምቢ ይለኛል። ሒሳብ ክፍሉ የልጆች ክፍል ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ላይ ማን እንደሳላት የማትታወቅ አንዲት ቢጫ ዳክዬ አለች። ጸሐፊያችን ወጥ ቤት ገብታ ታይፕ የምትመታው የዕቃ ማጠቢያው እብነ በረድ ላይ ነበር፤ ቧንቧው ማንጠባጠብ ሲጀምር ካርቦኑን በፎጣ ትሸፍናለች። ፋይሉ ደግሞ ባኞ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቀልዴን አይደለም። የየክፍለ ሀገሩ የግንባታ ፋይል በዚያ ነጭ ባኞ ውስጥ እስከ አፉ ተከምሮ ነበር። ፋይል የጠየቀ ሰው "ባኞ ግባ" ይባላል።

የምንነድፈውስ ምን ነበር? መጋዘን። የትራክተር ጋራዥ። የስብሰባ አዳራሽ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ የሰልፍ መድረክ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አዳራሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቢሮ ነድፌ አላውቅም። በዚያ ሰፈር እኔ የማውቀው መሥሪያ ቤት ሁሉ እንደኛው በሰው ሳሎንና በሰው ጓዳ ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ሰው በረንዳ ላይ ይሰለፋል፤ ማህተም ለማስመታት በመኝታ ቤት በኩል ይገባና በወጥ ቤት በኩል ይወጣል።

አንድ ቀን ኃላፊውን "ጓድ፣ ይህን ሁሉ አዳራሽ ስንነድፍ ለራሳችን አንድ ቢሮ የማንሠራው ለምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

"ቪላ ሞልቶ ቢሮ ለምኔ!" አለ። "ደግሞም ቢሮ አምራች አይደለም።"

አምራች ስለ አለመሆኑ እንኳ አልተሳሳተም። የኛው ቢሮ ሪፖርት እንጂ ሌላ ነገር ሲያመርት አላየሁም። ሪፖርቱን ግን አሳምሮ ያመርት ነበር። በየዓመቱ መጨረሻ ኃላፊው ሳሎኑ መካከል ይቆምና "መኖሪያ ያልሆነ ግንባታ ካምናው አድጓል" ብሎ ያነብልናል። እኛም እናጨበጭባለን። እኔ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ሰንጠረዡን የማሰምረው እኔ ነኝ። ሰንጠረዡ ሁለት ዓምድ አለው፤ "መኖሪያ" እና "መኖሪያ ያልሆነ"። ሰው ሲኖርበት የነበረ ቪላ ተለቅቆ የኛ ጠረጴዛና የኛ ፋይል ሲገባበት ከግራው ዓምድ ተነሥቶ ወደ ቀኙ ይዛወራል። አንድ ጡብ ሳይደረደር፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሳይፈታ ግንባታው አደገ። ይህን እያወቅሁ አጨበጭብ ነበር። መዳፌ እስኪቀላ።

ከቪላው ጀርባ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር፣ አንድ ክፍልና አንዲት ትንሽ ማብሰያ ያላት ሰርቪስ ቤት ነበረች። እዚያ የሚኖሩት የቪላው ባለቤት የነበሩ ሴት ናቸው። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ባላቸው ቀድሞ ሞቷል፣ ልጅ አልነበራቸውም። ቪላውን ያሠሩት ሌት ተቀን ሰው እያዋለዱ በደመወዛቸውና በባንክ ብድር ነው። ብድሩን ለመክፈል ሲሉ ቪላውን ለፈረንጆች አከራይተው እሳቸው ሰርቪሷ ውስጥ ይኖሩ ጀመር። እንዲህ ያደረገው የቦሌ ሰው ብዙ ነው። ብድሩ ሲያልቅ ወደ ቪላው ሊገቡ ነበር ሐሳባቸው።

ብድሩ ሳያልቅ አዋጁ መጣ። አዋጁ ሰው ሁሉ የሚኖርበትን አንድ ቤት ያስቀርለታል፤ ከዚያ ያለፈው "ትርፍ ቤት" ይባልና ይወረሳል። መዝጋቢዎቹ መጥተው "እርስዎ የሚኖሩበት የትኛው ነው?" ብለው ጠየቋቸው። እማማ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸውና ወደ ሰርቪሷ ጠቁመው "ይኸው፣ እዚህ ነው የምኖረው" አሉ። አለቀ። ቪላው ትርፍ ሆነ፣ ሰርቪሷ የእማማ ቤት ሆነች።

"አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል" ይሉ ነበር ይህን ሲያወሩ። "አንዲት ጣት ቀስሬ ቤቴን አስረከብኩ፤ የገዛ ጣቴን።" ሲያወሩት እየሳቁ ነው። እኔ እንደሳቸው መሳቅ አልችልበትም ነበር።

ኋላ የጥዱ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሰርቪሷ ላይ ወደቀና ቆርቆሮውን ቀደደው። እማማ ለማሳደስ ቀበሌ ሄዱ። ቀበሌው "ቤትዎ ያለው መንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ እነሱን ይጠይቁ" አላቸው። ወደኛ መጥተው በረንዳው ላይ ተሰለፉ። ኃላፊያችን "መኖሪያ ቤት እኛን አይመለከተንም፤ ቀበሌ ይሂዱ" አላቸው። በራሳቸው ገንዘብ እንዳይሠሩት፣ ቆርቆሮ በፈቃድ ነበር የሚሸጠው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ወይ ቀበሌው ወይ እኛ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። እኛ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠን መጋዘን እንነድፋለን፤ እሳቸው አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተቱ ባልዲ ይደቅናሉ። በየሰኞው የውይይት ክበባችን ስለ ሰፊው ሕዝብ ኑሮ ስንወያይ የባልዲው ጠብታ በመስኮት ይሰማን ነበር። አንድም ሰው አንሥቶት አያውቅም። ሁላችንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ነበር።

ሦስተኛው ክረምት ሲገባ ኃላፊው ጠርቶኝ "ግቢው ውስጥ ያለውን ቤት ሁሉ ለክተህ ፕላኑን አንሣ፤ ቅጹንም ሙላ" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እማማ ሜትር ይዤ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ጣሪያውን ልታሠሩልኝ ነው?" አሉኝ።

"ልኬት ነው የታዘዝኩት፣ እማማ።"

"ያልተለካማ አይሠራም። ና፣ አንዱን ጫፍ ስጠኝ።"

የሜትሩን ዜሮ ጫፍ እሳቸው ያዙልኝ። ብዙ ረዳት ሜትር ይዞልኛል፤ እንደሳቸው እጁ የማይንቀጠቀጥ ግን አላየሁም። ግድግዳውን ለካን፣ በሩን ለካን፣ አልጋውን ሳይቀር ለካን። አልጋው ሁለት ባልዲ መካከል ነበር የቆመው። ከኮርኒሱ የቀረችው ቁራጭ ጨርቅ አብጣ ተንጠልጥላለች። ስንጨርስ በቆርቆሮ ኩባያ ሻይ ሰጡኝና ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ መሙላት ጀመርኩ።

"ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?" አሉኝ።

"ምን ልበል?"

አሰቡ። "ይህ ቤት ለሰው አይሆንም በል። እውነቱን ነው የምልህ፣ ልጄ፤ እንኳን ለሰው ለከብትም አይሆን። ጠንከር አድርገህ ካልጻፍከው አይሠሩልኝም።"

እኔም ጠንከር አደረግሁት። ቅጹ ላይ "ማስታወሻ" ከሚለው ሥር፣ የፕላን ርዕስ በምጽፍበት በዚያ በተመረጠ ጽሕፈቴ "ለመኖሪያ የማይሆን፤ ጣሪያው በአስቸኳይ ይጠገን" ብዬ ጻፍኩ። አንብብልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው።

"አስቸኳይዋን ጎላ አድርጋት" አሉ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አደመቅኋት። እሳቸውም እኔም ደስ አለን። ያን ዕለት ወደ ቤቴ በውይይት ታክሲ ስሄድ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ውይይት የምንላት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥባት ነው እንጂ በዚያ ዘመን ማንም ትንፍሽ አይልባትም ነበር። እኔ ግን ብቻዬን ፈገግ እያልኩ እንደሄድኩ ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ጠራኝ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። "ለመኖሪያ የማይሆን" የሚለውን በቀይ አስምሮበታል። ከሱ ቀጥሎ ያለውን፣ ሁለት ጊዜ ያደመቅኋትን "አስቸኳይ" ጨምሮ፣ በአንድ መስመር ሰርዞታል።

"ጎበዝ፣ አንተው መፍትሔውን ጽፈኸዋል" አለኝ። "ባኞው ሞልቷል። ፋይሉን ወደ ሰርቪሷ እናወጣዋለን። ፕላኑ ላይ 'መኖሪያ ያልሆነ' ብለህ ጻፍበትና ለቀበሌው ይላክ። ለሴትዮዋ ምትክ ይሰጧታል።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ፊቴ ነደደ። "ጓድ፣ እኔ እኮ 'መኖሪያ ያልሆነ' አላልኩም። 'ለመኖሪያ የማይሆን' ነው ያልኩት። ይጠገን ማለቴ ነው" አልኩት።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ሰው ይኖርበታል! ፕላኑ ላይ አልጋቸውን ሳይቀር በቀለም አውጥቼዋለሁ።"

"አማርኛ ልታስተምረኝ ነው?" አለኝ፣ ሳይቆጣ። ከዚያ ከመነጽሩ በላይ አየኝና "ለግል ንብረት እንዲህ የምትቆረቆረው ከመቼ ወዲህ ነው?" አለ።

ይህን ነው የፈራሁት። ዛሬ ሳስበው የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ሽጉጥ አላወጣብኝም። እስር ቤት አላስፈራራኝም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ ፕላኑን ዘረጋሁ። ቀለም በላጲስ አይጠፋም፤ በምላጭ ነው የሚፋቀው። ምላጭ አወጣሁና የእማማን አልጋ ፋቅኩ። ቀጥሎ ምድጃቸውን። ቀስ እያልኩ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቅሁ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ "መኖሪያ ያልሆነ" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ቆንጆ ነበር። እጄ እንኳ ሊንቀጠቀጥልኝ አልቻለም።

ደብዳቤው እጃቸው የገባ ዕለት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በሳሎኑ በር ገቡ። የገዛ ሳሎናቸው ነው፤ እኔ ግን ሲገቡበት ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛዬ ጋ ቆሙ።

"ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?" አሉኝ።

"እርስዎ ያሉኝን ነው፣ እማማ።"

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ያንን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል ዕድሜዬን ግማሽ እሰጣለሁ። እማማ ደብዳቤውን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

"ያን ጊዜ ጣቴ፣ ዘንድሮ ብዕርህ" አሉና ወጡ።

ምትክ ተብሎ የተሰጣቸው ኮተቤ መንገድ ላይ ያለች አንዲት የቀበሌ ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ መጸዳጃዋ ከሰባት አባወራ ጋር የጋራ። ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሲወጡ ኃላፊው በመስኮት እያየ "ነፃ ጋሪ እንኳ ቀበሌው አዘጋጅቶላታል" አለ። እማማ የማዋለጃ ሻንጣቸውን ግን ጋሪው ላይ አልጫኑትም፤ በእጃቸው ያዙት። ባልዲዎቹን ትተዋቸው ሄዱ።

በማግስቱ ባኞውን አራግፈን ፋይሉን ሰርቪሷ ውስጥ ደረደርን። ያን ዓመት የሪፖርታችን ቁጥር በአንዲት ክፍል አደገ። በሳምንቱ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስንገባ የአንድ ሙሉ ክፍለ ሀገር ፋይል በስብሶ እንደ እርጎ ረግቷል፤ ቀለሙ ከገጽ ገጽ ተላልፏል። ኃላፊው ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። "ይህ የሕዝብ ንብረት ነው! የሕዝብ ሰነድ ነው! እንዴት ጣሪያ በሌለው ቤት ይቀመጣል?" ለሁለት ዓመት ተኩል ሰው እዚያው ቦታ ላይ፣ እዚያው ዝናብ ሥር ሲተኛ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገም ነበር። ለወረቀት ግን አንጀቱ ተላወሰ።

ቆርቆሮው ከሰዓት በኋላ መጣ። የማን ፈቃድ እንዳስፈለገ የጠየቀ የለም። ማገርም መጣ፣ ሚስማርም መጣ፣ ኮርኒስም መጣ። የጣሪያውን ንድፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እማማ ዜሮውን ጫፍ በያዙልኝ ልኬት። የሥራ ማዘዣው አናት ላይ "በአስቸኳይ" የሚል ማህተም ተመታበት። በአራተኛው ቀን ሰርቪሷ አዲስ ቤት ሆነች። ምነው አንዱን መዶሻ ቀምቼ ያንን ቆርቆሮ መልሼ በበሳሁት! አልበሳሁትም። ርክክቡ ላይ ፈረምኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ እማማ መጡ። ጸሐፊያችን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ገና ሰርቪሷ ሳሉ ጀምሮ ይከታተሏት ስለነበር ቀጠሮ አላፈርስም ብለው ነው የመጡት። ውይይት ሞልቶ አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው ነበር የመጡት፤ ጫማቸው ጭቃ ጠጥቷል። ወጥ ቤት ገብተው ልጅቷን አይተው ሲያበቁ ወደኔ መጡና "ቤቱን ክፈትልኝ" አሉኝ። ቁልፉን ይዤ ከኋላቸው ሄድኩ።

ውስጡ ፋይል ብቻ ነው፣ እስከ ኮርኒሱ። በመደርደሪያዎቹ መካከል ገብተው አልጋቸው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሙ። ዝናቡ አዲሱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ ላይ እያዩ ቆዩ፤ ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ። አንድም ጠብታ አልወረደም።

"ጽሑፍህ ሠራ" አሉኝ።

እየቀለዱብኝ ይሁን ከልባቸው፣ ፊታቸውን አይቼ መለየት አልቻልኩም። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ይልቅ እንደ ሞኝ "ኮተቤስ እንዴት ነው? ቤቱ ደህና ነው?" አልኳቸው።

ነጠላቸውን ተከናንበው ሻንጣቸውን አነሡ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

"እሱም ያፈሳል" አሉኝ። "እሱን ግን፣ ልጄ፣ እባክህ አትጻፍልኝ።"